ጾምና የነርቭ ሕመም፦ ለሚጠይቁን ሕሙማን ምን እንመልሳለን?

ባለፈው ሩብ ዓመት በከሚሴ አካባቢ ካሉ አጥቢያዎች ከአንዱ የሰበካ ጉባኤ ኮሚቴ አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ደረሰን። የሁለት ልጆች እናት የሆነች አንዲት እኅታችን ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዓይኗ በቀናት ውስጥ ደበዘዘባት፤ ወር ያህል ቆይቶም ብርሃኑ ተመለሰላት። ከዚያ በኋላ ሌላ ጊዜ እግሮቿ ከበዷት፥ ከወገቧ በታችም ደነዘዘባት። ዘመዶቿ ወደ አዲስ አበባ ወስደው በኤም አር አይ መሣሪያ ካስመረመሯት በኋላ ሕመሙ «መልቲፕል ስክለሮሲስ» እንደሚባል ተነገራት፤ በተከታታይ የሚወሰድ መድኃኒትም ታዘዘላት። እርሷ ግን ዓይኗ የተመለሰላት በፍልሰታ ጾም ሰሞን እንደ ነበር አልረሳችም። በዚህ ላይ አንድ ዘመዷ ጾም ይህን ሕመም እንደሚፈውስ በውጭ አገር በጥናት ተረጋግጧል ብሎ ነገራት። ስለዚህ መድኃኒቱን ትታ በጾም ብቻ ልትታከም አስባለች። ኮሚቴው የጠየቀን «ምን እንበላት?» ብሎ ነው። ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንዱን ነገር እዚህ አላነሣንም።

ለኮሚቴው በደብዳቤ መልሰናል። ይሁን እንጂ ጥያቄው የአንድ አጥቢያ ብቻ ሆኖ አላገኘነውም። ሕመምተኛው ሐኪሙን የሚያገኘው በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነው፤ የንስሐ አባቱን ግን በየሳምንቱ ያገኛል። ካህኑ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ የሚናገራት አንዲት ቃል መድኃኒት ልታስቀጥልም ልታስቋርጥም ትችላለች። ስለዚህ ነገሩን ሰፋ አድርገን ለመጻፍ ወደድን።

በቅድሚያ ስለ ሕመሙ እንናገር። በአንጎላችን፥ በሕብለ ሠረሰራችንና ከዓይን ወደ አንጎል በሚሄደው ነርቭ ውስጥ መልእክት የሚያመላልሱ እጅግ ቀጫጭን ክሮች አሉ። እነዚህ ክሮች የመብራት ሽቦ በፕላስቲክ እንደሚለበጥ ማየሊን በሚባል ስብነት ያለው ልባስ ተሸፍነዋል። ከበሽታ እንዲጠብቀን በሰውነታችን ውስጥ የተሠራው የመከላከያ ኃይል ባልታወቀ ጊዜ ተሳስቶ ይህን ልባስ እንደ ባዕድ ጠላት ሲያጠቃው ሽፋኑ በየቦታው ይላጣል፤ መልእክቱም ይዘገያል ወይም ይቋረጣል። የተላጠው ስፍራ በዓይን ነርቭ ላይ ከሆነ እይታ ይደበዝዛል፤ በሕብለ ሠረሰር ላይ ከሆነ እግር ይከብዳል፥ ሽንት መቈጣጠር ይቸግራል፥ ሰውነት ይደነዝዛል። ከሁሉም ጋር ደግሞ በእንቅልፍ የማይለቅ ድካም አለ። ሕመሙን በሕክምና መጽሐፍ ለይቶ የገለጸው ዣን ማርታን ሻርኮ የተባለ የፓሪስ ሐኪም ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1868 ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖራሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን፥ በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይበዛል።

ከምድር ወገብ እየራቁ በሄዱ መጠን ሕመሙ ይበረክታል፤ ወደ እኛ ሲቀርብ ያንሳል። የፀሐይ ብርሃንና ከእርሱ የሚገኘው ቫይታሚን ዲ ለዚህ አንዱ ምክንያት ሳይሆን እንደማይቀር ሊቃውንቱ ይገምታሉ። ይሁን እንጂ ማነስ አለመኖር አይደለም። በአገራችንም ሐኪሞች ይህን ሕመም አግኝተው አክመዋል። ለመለየት የነርቭ ሐኪምና የኤም አር አይ መሣሪያ ስለሚያስፈልግ ግን፥ ሳይታወቅለት በቤቱ የተኛ ሰው አይኖርም ብሎ አፍን ሞልቶ የሚናገር የለም። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከጅሌ ጥሙጋ፥ ከአርጡማ ፉርሲ ወይም ከደዌ ሃረዋ ገጠር ተነሥቶ እስከ ደሴ እንኳ መድረስ ለአንድ ገበሬ የበሬ ሽያጭ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ይህ ሕመም በአብዛኞቹ ሰዎች ላይ መጀመሪያ የሚታየው እየመጣ እየሄደ ነው። ያገረሻል፥ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ያይላል፤ ከዚያም ያለ አንዳች መድኃኒት እንኳ ቀስ በቀስ ጋብ ይላል። የደበዘዘ ዓይን በአብዛኛው ሰው ላይ በሳምንታት ውስጥ ማየት ይጀምራል። ሰውየው ተፈወስኩ ብሎ ወራትን፥ አንዳንዴም ዓመታትን በደኅንነት ከቈየ በኋላ ሕመሙ በሌላ አካል ላይ ይመለሳል። እንግዲህ ሕመሙ በበረታበት ሰሞን ሕመምተኛው ያደረገው ሁሉ፥ ሥር ቢጠጣ፥ ወጌሻ ቢያሳየው፥ ምግብ ቢለውጥ፥ ቢጾም፥ ወዲያው ከመሻሉ ጋር ይገጥምለታል። የመድኃኒት ጥናት በተደረገባቸው ጊዜያት ምንም ኃይል የሌለው እንክብል የተሰጣቸው ሰዎች እንኳ ከቀድሞው ያነሰ ማገርሸት ታይቶባቸዋል።

የእኅታችንም ነገር ይኸው ነው። ዓይኗ በፍልሰታ ተመለሰላት፤ ይህ እውነት ነው። እግዚአብሔር ጸሎቷን አልሰማም ለማለትም አንደፍርም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ እግሮቿን የያዛት ያው ሕመም ነበር። ዓይኗ ከተመለሰ በኋላም በሽታው ከውስጥ ሥራውን አልተወም ማለት ነው። አሁን የታዘዘላት መድኃኒት የተላጠውን መልሶ ለመለበጥ አይደለም፤ ወደፊት የሚመጣውን ማገርሸት ለመቀነስ ነው። እንዲህ ያለው መድኃኒት ሥራው ለወሳጁ አይታየውም። ባይወስደው ኖሮ ይመጣበት የነበረውን ሕመም ማንም አያሳየውምና። የማይታይ ጥቅም ያለውን ነገር መተው ደግሞ ቀላል ነው፤ በዚህ ሕመም የሚፈራውም ይህ ነው።

ዘመዷ «በጥናት ተረጋግጧል» ያለው ከባዶ የተነሣ አይደለም። በአሜሪካ የደቡባዊ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቫልተር ሎንጎ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ሥራ አሳትመዋል። በአይጦች ላይ ይህን ሕመም የሚመስል በሽታ ካስነሡ በኋላ፥ በየሳምንቱ ለሦስት ቀን እጅግ ጥቂት ምግብ እየሰጡ ይህንኑ ሦስት ጊዜ ደጋገሙ። የአይጦቹ ሕመም ቀለለ፤ ከአምስቱ በአንዱ ላይ ደግሞ ምልክቱ ፈጽሞ ጠፋ። ሲመረምሩም የሚያጠቁት የመከላከያ ሕዋሳት ቀንሰው፥ ልባሱን የሚሠሩት ሕዋሳት ደግሞ አገግመው አገኙ። በሴንት ሉዊስ ከተማ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲሁ በአይጦች ላይ፥ ቀን እየለየ የሚደረግ ጾም በአንጀት ውስጥ የሚኖሩትን ረቂቃን ተሕዋስያን በመለወጥ በሽታውን እንደሚያበርድ አሳይተዋል።

ነገሩ እንዴት ይሠራል ቢባል፥ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ግማሽ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሲቈይ በጉበቱ ያከማቸው ስኳር ያልቃል። ጉበቱ ከሰውነት ስብ ኬቶን የሚባል ሌላ ማገዶ መሥራት ይጀምራል። በዚያን ጊዜ የሰውነት መቈጣት ይቀንሳል፤ የመከላከያ ሕዋሳቱም ዝግ ይላሉ። ይህ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ የሚናቅ ዕውቀትም አይደለም።

ሰው ግን አይጥ አይደለም። በሰው ላይ የተደረጉት ጥናቶች ጥቂቶችና አነስተኞች ናቸው። በበርሊኑ የሻሪቴ ሆስፒታል 60 ሕሙማን በሦስት ቡድን ተከፍለው፥ አንደኛው ቡድን ለሰባት ቀን ያህል እጅግ ጥቂት ምግብ ብቻ ከተመገበ በኋላ ለወራት አትክልትና ዘይት ወደሚበዛበት አመጋገብ እንዲገባ ተደርጓል። እነዚህ ሕሙማን ኑሯቸው እንደ ተሻላቸው በራሳቸው አንደበት ተናግረዋል። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጥናት 36 ሰዎችን ለስምንት ሳምንት ተከታትሎ፥ ምግባቸውን የቀነሱት ክብደታቸው እንደ ጐደለና ስሜታቸው እንደ ተረጋጋ ጽፏል። ሠላሳ ስድስት ሰው በስምንት ሳምንት! ሕመሙ የሚለካው በዓመታት ነው። ለሁለት ወር ያላገረሸበት ሰው ቀድሞም ቢሆን ለሁለት ወር ላያገረሽበት ይችል ነበር። ከእነዚህ ጥናቶች ውስጥ አንዱም እንኳ «መድኃኒቱን ተዉና ጹሙ» አላለም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ጾምን የሚያዩት ከመድኃኒቱ ጎን የሚቆም ደጋፊ አድርገው ነው።

ለጎረቤቶቻችን የሚጠቅም ሌላ ጥናት አለ። በኢራን በኢስፋሃን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሥራ 80 ሕሙማንን መርምሯል፤ ግማሾቹ የረመዳንን ጾም የጾሙ፥ ግማሾቹ ያልጾሙ ነበሩ። ሕመማቸው ቀላል በሆነው በእነዚህ ሰዎች ላይ ጾሙ ጉዳት አላደረሰባቸውም። ልብ በሉ፤ የተገኘው መልስ «አልጎዳቸውም» የሚል ነው እንጂ «ፈወሳቸው» የሚል አይደለም። ሕመማቸው የጠና ሰዎችም በጥናቱ አልተካተቱም። በዞናችን ከእኛ ይልቅ የሙስሊም ወገኖቻችን ቍጥር እጅግ የሚበልጥ በመሆኑ፥ እኛ በዐቢይ ጾም የምንጠየቀውን ሼሆቹ በረመዳን ይጠየቁታል። በሰንበቴም ሆነ በባቲ ገበያ ወሬው የሚዞረው በአንድ አፍ ነው። ስለዚህ ኮሚቴዎቻችን የጤና ትምህርት ሲያዘጋጁ የመስጊድ ሽማግሌዎችን ቢጋብዙ ትምህርቱ ሁለት ጊዜ ይደመጣል።

እዚህ ላይ አንድ መለየት የሚገባው ነገር አለ። ቤተ ሙከራው «ጾም» የሚለውና ቤተ ክርስቲያን ጾም የምትለው በስም እንጂ በአሠራር አንድ አይደሉም። እዚያ የሚደረገው የምግብን መጠን ለጥቂት ቀናት ከሲሶ በታች ማውረድ ነው፤ ውኃ አይከለከልም፥ ሐኪምም ይከታተላል። የእኛ ጾም ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ መከልከል፥ እስከ ታወቀው ሰዓትም እህልና ውኃ አለመቅመስ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በሽሮና በዘይት የተሞላ ትሪ የሚያነሣ ሰው በመጠን ከፍስክ ቀን የበለጠ ሊበላ ይችላል። በዚያ ላይ ጾማችን የተሠራው ለሥጋ ሕክምና አይደለም። ለንስሐ፥ ለጸሎትና ለምጽዋት ነው። ሥጋን ቢጠቅም ተጨማሪ በረከት ነው፤ ሳይፈውስ ቢቀር ግን ጾሙ አልተሳካም አይባልም። ጾምን እንደ እንክብል የሚሰብክ ሰው፥ እንክብሉ ሳይሠራ ሲቀር የምእመኑን እምነት አብሮ እንደሚያናጋ ማወቅ አለበት። ይህን ስንጽፍ በልባችን ያሉት፥ «በደንብ ስላልጾምሽ ነው» እየተባሉ በሕመማቸው ላይ በደል የተጨመረባቸው ሰዎች ናቸው።

ስለ ጾም ምግባችን ግን አንድ መልካም ነገር ሳንናገር አናልፍም። ሮይ ስዋንክ የተባሉ ሐኪም በኖርዌይ ይህ ሕመም ቅቤና ሥጋ በሚበሉት የመሀል አገር ገበሬዎች ዘንድ በዝቶ፥ በባሕር ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች ዘንድ ግን አንሶ መታየቱን አስተውለው፥ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በካናዳ ሞንትሪያል ሕሙማኑን ከቅቤና ከጮማ እንዲታቀቡ አደረጉ። 144 ሕሙማንን ለ34 ዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1990 ውጤቱን አሳተሙ፤ ትእዛዙን አጥብቀው የጠበቁት ከሌሎቹ የተሻለ ሆነው ተገኙ። ጥናቱ በዕጣ የተለየ ማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበረው ሐኪሞች እንደ ማስረጃ አድርገው አይጨብጡትም። ምስርና ባቄላ፥ ጎመንና ተልባ ያለበት የጾም ማዕድ ግን ለልብና ለደም ሥር ደግ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ለዚህች እኅትም መልካም ማዕድ ነው።

ለመሆኑ ሕመምተኛ እንዲጾም ቤተ ክርስቲያን ታስገድዳለችን? ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ ደዌ የያዘውን ሰው ለይቶ ያያል። የሐዋርያትም ቀኖና በሥጋ ድካም የተከለከለውን ሰው ከጾም ግዴታ ነጻ ያደርገዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም የጻፈለትን ምክር፥ መጽሐፈ ሲራክም ስለ ሐኪም ክብር የተናገረውን ካህናት አባቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። በቍርአንም በሁለተኛው ሱራ የታመመ ሰው ያልጾመውን ቀን በሌላ ጊዜ እንዲያካክስ ተፈቅዶለታል። የሚቸግረው ፈቃዱ ሳይሆን ሕመምተኛው ፈቃዱን ለመቀበል ማፈሩ ነው። ጎረቤት ምን ይለኛል ይላል። ስለዚህ ፈቃዱ ሕመምተኛው ሳይጠይቅ፥ ከንስሐ አባቱ አንደበት ቀድሞ ሊወጣ ይገባዋል።

የአካባቢያችን የአየር ጠባይም በነገሩ ውስጥ ይገባል። ቪልሄልም ኡትሆፍ የተባለ የጀርመን የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1890 እንዳስተዋለው፥ የዚህ ሕመም ሰዎች ሰውነታቸው ሲሞቅ እይታቸው ይደበዝዛል፥ ጉልበታቸውም ይከዳቸዋል፤ ሲቀዘቅዙ ይመለስላቸዋል። የተላጠ ነርቭ በሙቀት መልእክት ማስተላለፍ ያቅተዋልና ነው። ከከሚሴ እስከ ጨፋ ሜዳና ወደ አፋር ወሰን የሚወርደው አገር ሞቃት ነው። ዐቢይ ጾም የሚውለው ደግሞ በበጋው ማብቂያ ፀሐይ በምትበረታበት ወራት ነው። በዚያ ሙቀት ውኃ ሳይቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚውል የዚህ ሕመም ሰው ሊዝል፥ ሲራመድ ሊወድቅ ይችላል። ይህ ማገርሸት አይደለም፤ በጥላ ሥር ዐርፎ ውኃ ሲጠጣ ያልፋል። ወድቆ የሰበረው አጥንት ግን አያልፍለትም።

በዚሁ ምክንያት በቀዝቃዛ ጠበል የተጠመቀ የዚህ ሕመም ሰው ወዲያው ቀለል ሊለው ይችላል። የጠበልን ጸጋ በሙቀት መለኪያ ልንለካ አይደለም፤ ያ ለእኛ የተሰጠ ሥራ አይደለም። የምንለው፥ በዚያች ሰዓት የተሰማው መቅለል መድኃኒቱን ለማቋረጥ ማስረጃ አይሁን ነው። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ነገር ላይ ድምፅዋን አሰምታለች። ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ምእመናን በእንጦጦ ማርያም ጠበል ሲጠመቁ የዕድሜ ማራዘሚያውን መድኃኒት ይተዉ በነበረበት ወቅት፥ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው እንዲወሰዱ፥ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል በይፋ አስተምረዋል። በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው ኮሚሽናችንም በኤች አይ ቪ መከላከል ሥራው ካህናትን ሲያሠለጥን ይህንኑ ይዞ ነው። ለነርቭ ሕመም አዲስ ትምህርት መፈለግ አያስፈልገንም፤ ያው ትምህርት ይበቃል።

መድኃኒትን በተመለከተ ሁለት ነገር እናክል። ለዚህ ሕመም የመጀመሪያው ማገርሸት የሚቀንስ መድኃኒት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ ያን ያህል ቅርብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2023 ሦስት የዚህ ሕመም መድኃኒቶችን በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል። ይህ ማለት በከሚሴ መድኃኒት ቤት ይገኛሉ ማለት አይደለም፤ ዋጋቸውም ከባድ ነው። አንድ ቤተሰብ በብዙ ድካም ያገኘውን መድኃኒት ሕመምተኛዋ በምክራችን ብትጥለው ኪሳራው ምን ያህል እንደ ሆነ አስቡት። ሁለተኛው፥ ሕመሙ ሲያይል የሚሰጠው ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት ነው። በእንክብል ሲሆን ከምግብ ጋር መወሰድ ይገባዋል፤ ለረጅም ጊዜ ሲወስደው የቈየ ሰው ደግሞ ሐኪም ሳያዝዘው በአንድ ጊዜ ቢያቋርጠው ለሕይወቱ ያሰጋዋል። በዚያ ሰሞን ጾም የለም።

እግር የከበደው ሁሉ ግን የዚህ ሕመም ሰው አይደለም። በአገራችን ይህን ከሚመስሉት ሕመሞች መካከል ፈጥኖ ከተደረሰባቸው የሚድኑ አሉ። አንዱ የአከርካሪ አጥንት ነቀርሳ ነው፤ የጀርባ ሕመም፥ ትኩሳትና መክሳት ይቀድሙታል፤ በሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ይታከማል። ሌላው የቫይታሚን ቢ12 ማነስ ነው። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፥ ከወተት፥ ከዕንቁላልና ከዓሣ ብቻ ነው። ጤነኛ ሰው በፍስክ ወራት የበላው በጉበቱ ተከማችቶ ለዓመታት ስለሚያቆየው የጾም ሥርዓታችን በራሱ አይጐዳውም። ነገር ግን በድህነት ምክንያት በፍስክም ወተትና ሥጋ የማያገኝ፥ ወይም የጨጓራ ሕመም ያለበት፥ ወይም ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት የወሰደ ሰው ሊያልቅበት ይችላል። ያን ጊዜ እግሩ ይደነዝዛል፥ በጨለማ ሲራመድ ይንገዳገዳል፥ ማስታወስ ይቸግረዋል። በመርፌ የሚሰጠው ቫይታሚን ርካሽ ነው፤ ከዘገየ ግን የተጐዳው ነርቭ አይመለስም። እንዲህ ያለውን ሰው «ጾምህን ጨምር» ማለት ሕመሙን መጨመር ነው።

ወሎ ከሌሎች ይልቅ የሚያውቀው ሦስተኛ ነገር ደግሞ ጓያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከደረሰው ድርቅ በኋላ በደላንታና በዳውንት ብዙ ሰዎች፥ በተለይም ወጣቶች፥ ጓያ ለወራት ዋና ምግባቸው ስለ ነበር እግራቸው ገትሮ በምርኩዝ ቀርተዋል። ጓያ ድርቅ ስለሚችል ሌላው እህል ሲጠፋ እርሱ ይገኛል፤ መከራውም ከዚህ ይመጣል። በጾም ወራትም ሽሮው ከአተርና ከሽንብራ ረከስ ስለሚል በብዛት ይገባል። ጥቂቱ ከሌላ እህል ጋር ተደባልቆ ቢበላ አያሰጋም። ንፍሮው፥ ቆሎውና እሸቱ፥ ያለ ሌላ እህል ለሳምንታት ሲበላ ግን ያሰጋል። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከጤፍ ወይም ከማሽላ ጋር ቀላቅሎ አቡክቶ መጋገር መርዙን ይቀንሰዋል። የጓያ ሽባነት እንደ መልቲፕል ስክለሮሲስ እየመጣ አይሄድም፤ ዓይንንም አይነካም፤ ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ የእህል ርዳታ የሚያከፋፍሉ ኮሚቴዎች በችግር ወቅት በየቤቱ የሚበላው ምን እንደ ሆነ ቢጠይቁ ከማንኛውም ሐኪም ቀድመው ይደርሳሉ።

ለኮሚቴው የጻፍነው እንግዲህ የሚከተለው ነው። እኅታችን መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ፤ ልትጾም ብትወድ ደግሞ አትከልክሏት። ከሥጋና ከወተት መከልከሉን ሐኪሟ ካልተቃወመ ትጠብቀው፤ ውኃንና የመድኃኒቷን ሰዓት ግን ጾም እንዳይነካው የንስሐ አባቷ በግልጽ ይንገሯት። ሕመሙ ባገረሸባት ሰሞን፥ በእርግዝና ወይም ስታጠባ ከጾም ትረፍ። አዲስ ነገር ከታየባት፥ ዓይኗ ቢደበዝዝ ወይም እግሯ ቢከዳት፥ ምልክቱ ከአንድ ቀን በላይ ከቈየ ጾሙ እስኪያልቅ ሳትጠብቅ ወደ ከሚሴ ሆስፒታል፥ ከዚያም ወደ ደሴ ትሂድ። ኮሚቴው ለመጓጓዣዋ ከበጎ አድራጎት ሣጥኑ ቢረዳትና በሙቀቱ ወራት ውኃ የሚቀዳላት ሰው ቢመድብላት ለእርሷ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ የንስሐ አባቷ ስልክ ደወሉልን። ሁሉንም ተቀብለዋል፤ የቸገራቸው አንድ ነገር ነበር። እኅታችን ከልጅነቷ ጀምሮ ሥጋ ወደሙ የምትቀበል ናት፤ ከቍርባን በፊት የሚጠበቀው 18 ሰዓት ደግሞ በጠዋት ከምትውጠው እንክብል ጋር ይጋጫል። እኛም እንክብሉ ወደ ማታ ሊዛወር ይችል እንደሆነ ሐኪሟን በሚቀጥለው ቀጠሮ እንድትጠይቅ፥ እስከዚያው ግን አንድም ቀን ሳታጎድል እንድትወስድ፥ የቍርባኑን ነገር እርሳቸው እንደ ሥርዓቱ እንዲወስኑ ነገርናቸው። ጥያቄውን በወረቀት ጽፈው፥ ማኅተም አድርገው፥ ከሕክምና ካርዷ ጋር በአንድ ፖስታ እንዳስቀመጡላት በኋላ አሳወቁን።